የሠዓሊ ስም ብቻውን አይበቃም፦ ለኤአይ የሥዕል ትእዛዝ አጻጻፍ

«ቆንጆ የኢትዮጵያ ሥዕል ሥራልኝ» ብሎ ለኤአይ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚወጣለት ሳላየው ልነግረው እችላለሁ። ፊቷ ላይ አንዲት መስመር የሌላት ወጣት፤ ከኋላዋ ልክ ያጣ የፀሐይ መጥለቂያ፤ አንገቷ ላይ ከየት አገር እንደመጣ የማይታወቅ ጨሌ፤ በእጇ ደግሞ ጀበና ይሁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ያልለየለት ዕቃ። ይህቺን ልጅ ደሴ ውስጥ በብዙ ካፌ ግድግዳ ላይ አይቻታለሁ። ኮምቦልቻ ስወርድም ቀድማኝ ደርሳ አገኛታለሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የቀን መቁጠሪያና የግድግዳ ሥዕል የምሠራባት አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት የሱቅ ታፔላ በብሩሽ እጽፍ ነበር። ዛሬ ደንበኞቼ ምስሉን ራሳቸው ስልካቸው ላይ አሠርተው ይመጣሉ። ሐሳባቸው አብዛኛውን ጊዜ ሸጋ ነው፤ የጻፉት ትእዛዝ ግን ለመሣሪያው ምንም የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ትንሽ የሥዕል ታሪክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት ሳያስፈልጋችሁ፣ ነባር ሥዕሎችን እየጠቀሳችሁ የምትፈልጉትን ምስል እንዴት እንደምታወጡ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መሣሪያዎቹ ሚድጆርኒም ይሁኑ ስቴብል ዲፊውዥን፣ ወይም በቻትጂፒቲና በጀሚናይ ውስጥ ያሉት፣ የተማሩት ከበይነ መረብ ከተሰበሰበ እጅግ ብዙ ምስልና አብሮት ከተጻፈው መግለጫ ነው። ከአንድ ሥዕል ሥር «ሬምብራንት፣ የዘይት ቀለም በሸራ ላይ» የሚል ጽሑፍ በተደጋጋሚ ካጋጠመው፣ መሣሪያው ያንን ቃል ከጨለማው ዳራና ከጎን ከሚገባው ብርሃን ጋር አዛምዶ ይይዘዋል። እናንተ ቃሉን ስትጽፉ ያ ዝምድና ይቀሰቀሳል። ዝምድናው ታዲያ ለሁሉም እኩል አይደለም። ስለ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ስለ ቫን ጎግ የተጻፈውና ፎቶ የተነሣው ተቆጥሮ አያልቅም። ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ወይም ስለ እስክንድር ቦጎሲያን በእንግሊዝኛ የተጻፈው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የአገራችንን ሠዓሊ ስም ብቻ ጽፋችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ መሣሪያው ስሙን ከመስማት ይልቅ «አፍሪካ» የሚለውን ይሰማና ጭምብል ያወጣላችኋል።

የታወቀ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከነጓዙ ነው የሚመጣው። ቫን ጎግን የጠራ ሰው የብሩሹን ምት ብቻ አያገኝም። የሚጠማዘዘው ሰማይ፣ የፅዱ ዛፍ፣ ቢጫው ኮከብ፣ አንዳንዴም የፈረንሳይ መንደር የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አብረው ይከተላሉ። ሁሉም እ.ኤ.አ. በ1889 ከሣላት ከዚያች አንዲት የሌሊት ሥዕል የተወሰዱ ናቸው። እናንተ የፈለጋችሁት ወፍራም ቀለምና የሚታይ የብሩሽ ምት ከነበረ፣ «ወፍራም የዘይት ቀለም፣ እያንዳንዱ የብሩሽ ምት የሚታይ፣ ምቱ የነገሩን ቅርጽ ተከትሎ የሚሄድ» ብላችሁ ጻፉና ሰውዬውን ተዉት።

አንድን ሥዕል ስመለከት አምስት ነገር ለይቼ አያለሁ፤ ትእዛዝም ስጽፍ የምጽፈው እነዚያኑ ነው። በመጀመሪያ ሥዕሉ በምን ላይ በምን ተሠራ? በሸራ ላይ በዘይት ቀለም፣ በብራና ላይ በብዕር፣ በእንጨት ተቀርጾ በወረቀት ላይ የታተመ፣ ባለ ቀለም የመስኮት መስታወት። ይህን ከሁሉም አስቀድሙት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መጀመሪያ ለተጻፈው ቃል የበለጠ ክብደት ይሰጣሉ፤ ከፎቶግራፍ ዓለም ወጥተው ወደ ሥዕል የሚገቡትም በዚህ በር ነው። ቀጥሎ ብርሃኑ፦ ከየት ይመጣል፣ ምንጩ አንድ ነው ወይስ ብዙ፣ ጥላው ስለታም ነው ወይስ ለስላሳ። ሦስተኛ መስመሩ፦ ነገሮቹ በጥቁር መስመር የተከበቡ ናቸው ወይስ ጠርዛቸው በቀስታ ከዳራው ጋር ይቀላቀላል። አራተኛ ቀለሙ፤ ሦስት ወይም አራት ቀለም በየስማቸው ጥሩ። «ደማቅ ቀለሞች» ማለት ምንም አለማለት ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ የጡብ ቀይ፣ የሰናፍጭ ቢጫ ማለት ግን ትእዛዝ ነው። አምስተኛ አቀማመጡ፦ ማን መሀል አለ፣ ምን ተቆርጦ ከዳር ወጣ፣ ምን ያህል ባዶ ቦታ ቀረ። የሠዓሊው ስም ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ካስፈለገ።

በሥራ ላይ እንየው። ኮምቦልቻ ላይ ካፌ የሚከፍት አንድ ወጣት መጣና፣ «ጋሼ፣ የድሮ የፈረንጅ ሥዕል የሚመስል ይሁን፤ ሴትዮዋ ግን የእኛ ትሁን፤ ቡና ትቅዳ» አለኝ። ስልኩ ላይ ያሠራትንም አሳየኝ። የጻፈው «ኢትዮጵያዊት ሴት ቡና ስትቀዳ፣ በሬምብራንት ስልት» የሚል ነበር። የወጣችው ሴት መልኳ ጠይም ቢሆንም አንገቷ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሀብታሞች የሚያደርጉት የተጨማደደ ነጭ ኮሌታ አለ። ጠረጴዛዋ ላይ የብር ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ሬምብራንት ከነጓዙ መጥቷል ማለት ነው።

ከሬምብራንት የፈለግነው ኮሌታውን ስላልሆነ፣ «ወንድሜ፣ ምኑን ነው የወደድክለት?» ብዬ ጠየቅኩት። አሰብ አደረገና፣ «ጨለማው ውስጥ ፊቱ ብቻ የሚበራው ነገር» አለኝ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ደንበኛው ራሱ ሳያውቀው ትእዛዙን ጻፈልኝ። ያ ብርሃን በፎቶ አንሺዎችም ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሬምብራንት ብርሃን ብለው ይጠሩታል። መብራቱ ከፍ ብሎ በአንድ ጎን ይቆምና የፊቱን አንድ ወገን ያበራል። በጥላው ወገን ባለው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይን ሥር፣ ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። ይህቺን ሦስት ማዕዘን በቃል ከጻፋችሁ ስሙን ባትጠሩትም ይመጣል።

አብረን የጻፍነው እንዲህ ሆነ፦

«የዘይት ቀለም ሥዕል በሸራ ላይ። ዕድሜዋ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጠይም፣ ከዓይኗ ዳር መጨማደድ የጀመረ የወሎ ሴት። ጸጉሯ በጥቁር ሻሽ ተሸፍኗል፤ ጠርዙ የተጠለፈ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ለብሳለች። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጥቁር የሸክላ ጀበና ቡና ትቀዳለች። ጀበናው ክብ ሆድ፣ ረጅም ቀጭን አንገትና አንድ እጀታ አለው። ከፊቷ ዝቅ ያለ የእንጨት ረከቦት ላይ እጀታ የሌላቸው ትናንሽ ነጭ ስኒዎች። ወለሉ ላይ አረንጓዴ ሣር ተጎዝጉዟል። ብርሃን በግራ በኩል ከፍ ብሎ ካለ አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ይገባል፤ በጥላው ጉንጯ ላይ ከዓይኗ ሥር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን። ዳራው ጥቁር ቡናማ፣ ከትከሻዋ ጀርባ ብቻ ትንሽ ሞቅ ያለ። ቀለሞቹ ቡናማ፣ የጡብ ቀይ፣ የማር ቢጫና የተቃጠለ ነጭ። ብርሃኑ ባረፈበት ቀለሙ ወፍራም፣ በጥላው ስስ።»

ጥቂት ቃላት ለምን እንደገቡ ልንገራችሁ። ዕድሜዋና መጨማደዷ ባይጻፍ መሣሪያው ወደ ለመዳት የሃያ ዓመት ልጅ ይመለሳል። ጀበና የሚለው ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ ስለዚህ ቅርጹን እንደማያውቅ ሰው እያስረዳን ጻፍነው። ስኒው እጀታ የሌለው መሆኑ ካልተነገረ የማኪያቶ ኩባያ ይደረድራል። «ከትከሻዋ ጀርባ ትንሽ ሞቅ ያለ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። የሬምብራንት ዘዴ የተሠራው ነጭ ፊትን ከጨለማ ለማውጣት ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በዚያው ጨለማ ላይ ስታስቀምጡት ጸጉሩና ትከሻው ዳራው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። መሣሪያው ይህን ለማስተካከል ሲል ቆዳውን ያነጣዋል። ቆዳውን እንዳይነካ ከፈለጋችሁ የሚለይላችሁን ብርሃን ዳራው ላይ አድርጉት።

እጅና ጀበና ሲገናኙ አሁንም ችግር አለ፤ ቡናው ከጀበናው ሆድ ሲፈስ ወይም አውራ ጣት ሁለት ሲሆን ታያላችሁ። ለዚህ ብላችሁ ትእዛዙን በሙሉ አትለውጡ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ ከልላችሁ እንደገና እንድታሠሩ ይፈቅዳሉ። እጁን ብቻ ከልሉ፤ «ቀኝ እጅ የጀበናውን እጀታ ጨብጦ» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ ደሴ ክረምት ልውሰዳችሁ፤ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ነሐሴ ላይ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል፤ ዝናቡም አያቋርጥም። ይህን ለቀን መቁጠሪያ የፈለገ ሰው ፎቶ ቢያነሣ የሚያገኘው ግራጫ ነው። ዝናብን በሥዕል እንዴት ማሳየት እንደሚቻል ከማንም በላይ የጨረሱት የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሠዓሊዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ሂሮሺጌ። እ.ኤ.አ. በ1857 ባወጣው፣ ሰዎች ድንገት በወረደ ዝናብ ድልድይ ሲሻገሩ በሚያሳየው ሥራው፣ ዝናቡ በቀጫጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ሰያፍ ሆኖ ተሰምሯል። ቫን ጎግ ራሱ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1887 በዘይት ቀለም ገልብጦታል። በሂሮሺጌ ሥራ ሰማዩ ከላይ ጥቁር ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። ሩቅ ያለው ነገር ዝርዝር የለውም፤ አንድ ግራጫ ቅርጽ ብቻ ነው። የጦሳ ጉም ማለት እኮ ይኸው ነው።

«የጃፓን የእንጨት ኅትመት ስልት፣ የደሴ ከተማ በዝናብ» ብላችሁ ስትጽፉ ግን ደሴ አትመጣም። የወረቀት ጃንጥላ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ጣሪያ፣ ከኋላም ጫፉ በረዶ የለበሰ የጃፓኑ የፉጂ ተራራ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተናዶ «ፉጂ እንዳይኖር፣ ጃንጥላ እንዳይኖር» እያለ ይጨምራል። ያ ነገሩን ያባብሰዋል። አብዛኛው መሣሪያ «እንዳይኖር» የሚለውን ይዘነጋና «ፉጂ» የሚለውን ያነባል። የማትፈልጉትን ከምትከለክሉ ቦታውን በምትፈልጉት ሙሉት። ሚድጆርኒ የማይፈለገውን ለመለየት «ኖ» የሚባል መለያ አለው፤ ስቴብል ዲፊውዥንም ለዚሁ የተለየ ሳጥን አለው። እነርሱን ተጠቀሙ እንጂ ክልከላውን ዋናው ትእዛዝ ውስጥ አታስገቡ።

እኔ የምጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ባለ ቀለም የእንጨት ኅትመት በወረቀት ላይ፣ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ቀጭን ጥቁር የዙሪያ መስመር። ቁልቁል የሚወርድ የአስፋልት መንገድ፣ ግራና ቀኝ የዛገ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ዝቅተኛ ቤቶች። መሀል ላይ አንድ ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ወደ ላይ ሲወጣ፤ ነጭ ነጠላ በራሷ ላይ የጣለች ሴት ጎንበስ ብላ ስትሻገር። ከኋላ ሰፊና ጫፉ ደልዳላ ተራራ፣ ግማሹ በጉም የተሸፈነ፣ አንድ ወጥ ግራጫ ቅርጽ። ዝናቡ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን ሰያፍ ጥቁር መስመሮች። ሰማዩ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ። ቀለሞቹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ የዝገት ቀይና ነጭ ብቻ። የላይኛው ሩብ ባዶ።»

ተራራው ጫፉ ደልዳላ ተብሎ ስለተነገረው ሾጣጣው ፉጂ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የወረቀት ጃንጥላ የሚይዘው እጅ ነጠላ ይዟል። ነጠላውና ቆርቆሮው የጃፓኑን ልብስና ጣሪያ ሳትከለክሏቸው ያስወጧቸዋል። የላይኛው ሩብ ባዶ የሆነው ደግሞ ወሩና ቀናቱ እዚያ ስለሚገቡ ነው።

ወደ ራሳችን ሥዕል ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ያስደስታል። «የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስልት» ብትሉ መሣሪያዎቹ ትልልቅ ዓይን ማውጣት ተምረዋል። ከዚያ በኋላ ግን የቢዛንታይን ወርቅ ዳራ ይደረድሩበታል። ወርቅ ዳራ የእኛ ሥዕል ዋና መታወቂያ አይደለም። የጎንደር ሥዕል ሁለት ዘመን አለው፤ ለይታችሁ ጻፉት። የፊተኛው፣ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ጥላ የማያውቅ ጠፍጣፋ ቀለምና ጥርት ያለ መስመር ያለው፣ ቀይና ቢጫ የሚበዛበት ነው። የኋለኛው፣ የ18ኛው፣ ፊትና አንገት ላይ ጥላ ይጨምራል፤ ልብሱ አበባ ያለበት ጨርቅ ይሆናል፤ ዳራውም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተቀላቀለ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ እነዚህን ዝርዝሮች ከጻፋችሁ ምስሉ ወዲያው ይለወጣል።

ለየካቲት 23 ከአንድ ትምህርት ቤት የዓድዋ ፖስተር ታዘዝኩ እንበል። የጦርነቱ መነሻ የሆነው ውል የተፈረመባት ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነች፤ የወሎው ራስ ሚካኤልም ዓድዋ ዘምተዋል፤ ስለዚህ ልጆቹ ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው ነው የሚያዩት። በነባሩ የዓድዋ ሥዕል ሁለቱ ጦር ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይሰለፋል። ኢትዮጵያውያኑ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ጣልያኖቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህ ከጥንት የመጣ የሥዕል ሕግ ነው፦ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን። ይህን ሕግ መሣሪያው በራሱ አያመጣውም፤ ስለዚህ ቃል በቃል ጻፉለት። «በግራ ያሉት ወታደሮች ሁሉ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ፣ ሁለቱም ትልልቅ ዓይኖቻቸው የሚታዩ፤ በቀኝ ያሉት ሁሉ ሙሉ በሙሉ በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታይ፤ ሁሉም በረድፍ በረድፍ አንዱ ከሌላው በላይ የተደረደሩ፣ ሩቅ ያለው ከቅርቡ አያንስም።» የመጨረሻው ሐረግ ካልገባ መሣሪያው የፈረንጅ አርቆ ማሳያ ዘዴ ያስገባና የፊልም ማስታወቂያ ያደርገዋል። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ስታሠሩ ግማሹ ሕጉን ይጥሳል፤ ጣልያኖቹን ለብቻ፣ ኢትዮጵያውያኑን ለብቻ አሠርታችሁ ኋላ ማጋጠም ይቀላል።

ለካርድና ለምስክር ወረቀት ጠርዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሰው ጨርሶ አያስፈልግም፤ ሐረግ አለላችሁ። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለውን የተጠላለፈ ጌጥ ማለቴ ነው። ከእኛ በስተ ሰሜን ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ያለበት ነው፤ የብራና ሥዕል ለወሎ ሰው ከደጁ ነው። ትእዛዙ ላይ «በብራና ላይ በብዕር የተሣለ፣ እንደ ገመድ አንዱ በሌላው ሥር የሚያልፍ የተጠላለፈ ጌጥ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ፣ መሀሉ ባዶ» በሉ። እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለኝ። የሥዕሉን ስልት ለዓለማዊ ሥራ እወስዳለሁ እንጂ የቅዱሳንን ሥዕል በኤአይ አሠርቼ አልሸጥም። ቅዱስ ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ስድስት ጣት ያለው መልአክ አትሞ ለሰው መስጠት ሥራ አይደለም።

ለመውሊድና ለኒካሕ ካርድ የሚመጡ ደንበኞቼም ሰው የሌለበት ጌጥ ነው የሚሹት፤ ደግነቱ እዚህ ላይ መሣሪያው ጎበዝ ነው። የሞሮኮ የዘሊጅ ንጣፍ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኦቶማን ዘመን የተሠራው የኢዝኒክ ሸክላ፦ በነጭ ላይ ሰማያዊ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ሰማያዊና የቲማቲም ቀይ አበባ። እነዚህ ስሞች ብቻቸውን ይበቃሉ፤ ፎቶአቸው በብዛት ስላለ። ዓረብኛ ጽሑፍ ግን በፍጹም አታስጽፉት። ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ነገር ይሠራና የቁርአን አንቀጽ ነው ብላችሁ የምታትሙት ትርጉም የሌለው ጭረት ይሆናል።

የግዕዝ ፊደልም ያው ነው። «ሠርጋችን» ጻፍ ብትሉት ሠ እና ጠ ተጋብተው የወለዱት ፊደል ሊሰጣችሁ ይችላል። ትእዛዙ ውስጥ ባዶ ቦታ እንዲተው አድርጉ፤ ጽሑፉን በኋላ በፎቶሾፕ ወይም በካንቫ ራሳችሁ አስገቡት።

መሣሪያው ጨርሶ የማያውቀውን ነገር በቃል ከመግለጽ ማሳየት ይሻላል። ሚድጆርኒ «ስታይል ሬፈረንስ» የሚለው አለ፤ ሌሎቹም የራሳችሁን ፎቶ ተቀብለው ቀለሙንና ጥለቱን ብቻ እንዲወስዱ ታደርጋላችሁ። ሰኞ ገበያ የገዛኋትን አንዲት የስፌት ሞሰብ በጥላ ቦታ ከላይ ወደ ታች ፎቶ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ሐምራዊዋና ብርቱካናማዋ ቀለም፣ ከመሀል እየዞረ የሚወጣው ጥለት፣ ለብዙ ሥራ ሆኖኛል። «ከዚህ ምስል ጥለቱንና ቀለሙን ብቻ ውሰድ» ማለት አትርሱ።

ስለ ቋንቋው። ቻትጂፒቲና ጀሚናይ አማርኛችሁን ተረድተው ምስል ያወጣሉ። የስቴብል ዲፊውዥን የቀድሞ ሞዴሎች ግን በአንድ ጊዜ የሚያነቡት 77 የቃል ቁራጭ ብቻ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሱ ቦታው ያልቃል፤ ቢያነበውም አይገባውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ትእዛዙን በአማርኛ አስባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ አዙሩት። ስትተረጉሙ «ጀበና»ን እንዳለ ትታችሁ መግለጫውን አስከትሉ። ረጅም ከሆነባችሁ የምትቆርጡት ከመጨረሻ ነው፤ የተሠራበትን ነገርና ብርሃኑን አትንኩ።

አንዴ ደህና ምስል ካገኛችሁ ደግሞ የምስሉን የዘር ቁጥር መዝግቡ። ሚድጆርኒም ስቴብል ዲፊውዥንም ይህን ቁጥር ይሰጣሉ። ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ከትእዛዙ አንድ ነገር ብቻ ብትለውጡ፣ የተለወጠው ነገር ምን እንዳመጣ ለይታችሁ ታያላችሁ። ብርሃኑንም ቀለሙንም አለባበሱንም በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደሠራለት ሳያውቅ ይቀራል፤ ኢንተርኔቱም በከንቱ ያልቃል።

የሁለት ሠዓሊ ስም ስለማቀላቀል የሚጠይቁኝ አሉ። ሁለት ይቻላል፤ ድርሻቸውን ከለያችሁ ብቻ። «መስመሩና የአበባ ክፈፉ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የፓሪስ ፖስተር እንደ ሙካ፣ ቀለሙ እንደ ጎንደር ሥዕል ቀይና ቢጫ» ማለት ለሠርግ ካርድ ግሩም ነገር ያወጣል። ስሞቹን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ከደረደራችሁ ግን አንዱ ሌላውን ይውጠዋል፤ የሚውጠውም ሁልጊዜ የታወቀው ነው። ሦስት ስም ከደረሳችሁ ማንንም አልጠራችሁም።

በሕይወት ያለ ሠዓሊ ስም ትእዛዝ ውስጥ አላስገባም። ሰውዬው በብሩሹ እንጀራ እየበላ በእርሱ ስም ርካሽ ቅጂ አትሞ መሸጥ ለታፔላ ጸሐፊ የሚያምር አይደለም። ያለፉትም ቢሆኑ ሥራቸው በሕግ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ የሚወድ ሆቴል፣ ያንኑ ሥራ እንዲገለብጥለት አይዘዝ። ከእርሳቸው የሚወሰደው ዘዴው ነው፦ ባለ ቀለም መስታወት፣ ወፍራም ጥቁር የእርሳስ መስመር፣ ከኋላ የሚመጣ ብርሃን። ታሪኩን ከራሱ ከተማ ያምጣ።

በመጨረሻ ማተሚያ ቤት ስትመጡ የምጠይቃችሁን አሁኑኑ ልጠይቅ፦ ምስሉ ስንት ሜትር ላይ ይታተማል? ከእነዚህ መሣሪያዎች የሚወጣው ብዙ ጊዜ በጎኑ 1,024 ነጥብ ገደማ ነው። በጥሩ የካርድ ኅትመት፣ በኢንች 300 ነጥብ፣ ይህ 8.7 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ለካርድ ይበቃል፤ ለሦስት ሜትር ግድግዳ ግን ማጉያ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ማጉያው ደግሞ የዘይት ቀለሙን የብሩሽ ምት ሊያቀልጠው ይችላል። ስለዚህ ሥዕሉን ስትመርጡ ኅትመቱን አስቡ። ለትልቅ ግድግዳና ለባነር የእንጨት ኅትመት፣ የሐረግ ጌጥ፣ የመስታወት ሥራ፣ የፊተኛው ዘመን የጎንደር ሥዕል ምረጡ። ጠፍጣፋ ቀለምና ጥርት ያለ መስመር ስላላቸው በኢሉስትሬተር ወደ መስመር ተቀይረው የፈለጋችሁትን ያህል ይለጠጣሉ። የሬምብራንት ጨለማ ደግሞ ባነር ላይ አንድ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ይወጣል፤ በስልክ ብርሃን ያያችሁት ቡናማ ሁሉ በቀለም ሲታተም ይጠቁራል። ያ የኮምቦልቻው ልጅ ሥዕሉን በሸራ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት ነው ያሳተመው፤ ጥላውንም ከማተማችን በፊት ትንሽ አቅልለነዋል። እናንተም ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት በኤ4 ወረቀት አሳትማችሁ፣ ምስሉ በሚሰቀልበት ቤት መብራት ሥር አይታችሁ ኑ።